«ኢንዲሳይሲቭ» መባል ወላዋይ መባል ነው ወይ?

ጥያቄው የመጣው አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ በነርስነት ከሚሠሩ እህት ነው። በዓመታዊ የሥራ ግምገማቸው ላይ አለቃቸው «አልፎ አልፎ ኢንዲሳይሲቭ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፋለች። መዝገበ ቃላት ቢያዩ «ወላዋይ» ይላል። «እኔ በቃሌ የምጸና ሰው ነኝ፤ እንዴት ወላዋይ እባላለሁ?» ብለው አዝነዋል። ከዚያም ፊክል፣ ካፕሪሸስ፣ መርኪዩሪያል፣ ቮላታይል፣ ኢራቲክ፣ አምቢቫለንት፣ ቫሲሌት የሚሉትን ቃላት ደርድረው፣ «ሁሉንም መዝገበ ቃላቱ ‹ተለዋዋጭ› ወይም ‹የሚያመነታ› ይላቸዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛውስ ስድብ ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እህቴ፣ ልብዎን ካስከፋው ልጀምር። አለቃዎ ወላዋይ አላለችዎትም። የጻፈችው «ለመወሰን ጊዜ ይፈጅባታል» የሚል ነው። ዛሬ ያሉትን ነገ ያጥፋሉ፣ እምነት አይጣልብዎትም የሚል ነገር በዚያ ቃል ውስጥ የለም። ነቀፌታ መሆኑ አልቀረም፤ ሆኖም የሚነቅፈው አሠራርዎን ነው፤ ጠባይዎን አያጎድፍም።

ያሳሳተዎት የእኛው «ወላወለ» ሁለት ሸክም ስላለበት ነው። ሰው ገና ሳይወስን ወዲያና ወዲህ ሲል ወላወለ እንለዋለን። ወስኖ፣ ቃል ሰጥቶ፣ ኋላ ሲያፈገፍግም ወላወለ እንለዋለን። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ድንበር ያሰምራል። ካልወሰነ ሰው ጋር የሚውሉ ቃላት አሉት፤ ወስኖ ከተለወጠ ሰው ጋር የሚውሉም ሌሎች ቃላት አሉት። የፊተኞቹ በአብዛኛው ለስለስ ያሉ ናቸው፤ የኋለኞቹ ይጎረብጣሉ። ስለዚህ ከደረደሯቸው ቃላት አንዱ ሲገጥምዎት፣ አማርኛው ምንድን ነው ከማለትዎ በፊት፣ ይህ ሰው ወስኖ ነበር ወይስ አልወሰነም ብለው ይጠይቁ። ስተረጉምም ሳስተምርም ከዚህ የተሻለ መለያ አላገኘሁም።

ካልወሰነው ወገን እንጀምር። «ኢንዲሳይሲቭ» የቅርብ ዘመድ አለው፤ «አንዲሳይድድ» ይባላል። አንዲሳይድድ ጊዜያዊ ሁኔታ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የትምህርት ክፍሉን ገና ካልመረጠ በቅጹ ላይ «አንዲሳይድድ» ብሎ ይሞላል፤ ማንም አይወቅሰውም። በምርጫ ሰሞን ድምፃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ያልቆረጡ ሰዎችም «አንዲሳይድድ ቮተርስ» ይባላሉ፤ እንዲያውም ፖለቲከኛው ሁሉ የሚለማመጠው እነርሱን ነው። ኢንዲሳይሲቭ ግን የሰው ባሕርይ መግለጫ ነው፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን ዘወትር መቁረጥ የሚቸግረውን ሰው ይመለከታል። የእርስዎ አለቃ «አልፎ አልፎ» ማለቷ ይህን ክብደት ለመቀነስ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልምከርዎት። ለግምገማው መልስ የመስጠት መብት ካለዎት፣ የትኛውን ቀንና የትኛውን ጉዳይ ይዛ እንዳለች በትሕትና ይጠይቁ። የዘገዩት የሐኪሙን ማረጋገጫ ሲጠብቁ ወይም የመድኃኒት መጠን ደግመው ሲያጣሩ ከሆነ፣ ለዚያ እንግሊዝኛው ሌላ ቃል አለው። «ኮሽስ» ማለት ጥንቁቅ ነው፤ «ዴሊበሬት» ማለት አስቦና አመዛዝኖ የሚሠራ ነው። ሁለቱም በነርስ ላይ ሲነገሩ ምስጋና ናቸው። ኢንዲሳይሲቭ የሚባለው መረጃው ሁሉ በእጅ እያለ፣ ሥልጣኑም የራስ ሆኖ፣ እጅ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው። ይህን ልዩነት ይዘው ቢጽፉ ስሜትዎን ሳይሆን ጉዳዩን ያስረዳልዎታል።

ቃሉ ለጦርነትም ይውላል። አሸናፊው ያልለየለት ውጊያ «ኢንዲሳይሲቭ ባትል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1896 የተደረገው የዓድዋ ጦርነት በታሪክ መጻሕፍት «ዲሳይሲቭ» የሚባለው በአንድ ቀን ውጊያ የነገሩ ቁርጥ ስለታወቀ ነው። «ወሳኝ ድል» የምንለው ይኸው ነው። ሰውን «ዲሳይሲቭ» ሲሉት ግን «ወሳኝ ሰው» ብለው እንዳይተረጉሙ፤ ያ በእኛ ቋንቋ ሥልጣን ያለው፣ ያለ እርሱ ነገሩ የማይሆን ሰው ማለት ይሆናል። ቆራጥ ይበሉት።

«ሄዚታንት» የሚያመነታ፣ የሚያቅማማ ነው። ይህን ከ«ሪላክታንት» መለየት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ይበልጥ ያግዘናል። ሪላክታንት የሚያንገራግር ነው። የሚያመነታ ሰው ይሻለው አይሻለው አያውቅም፤ የሚያንገራግር ሰው እንደማይፈልግ ያውቃል፣ ምናልባት ተገፍቶ ያደርገው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ጤና አሥር አደጋዎች ብሎ ካወጣቸው አንዱ «ቫክሲን ሄዚታንሲ» ነበር፤ ክትባቱ እያለ ሰዎች በማመንታት ማዘግየታቸውን ወይም ሳይወስዱት መቅረታቸውን ይመለከታል። ያንን «የክትባት እምቢተኝነት» ብሎ ለተረጎመ ሰው እምቢ ያለውም ገና በመጠየቅ ላይ ያለችውም እናት አንድ ይሆኑበታል። የምታመነታዋን እናት ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይቻላል፤ እምቢተኛ ብሎ የሰየማት ሠራተኛ ግን ወደ ቤቷም አይሄድም። ስለዚህ የጤና ጽሑፍ የሚተረጉሙ ሁሉ «ማመንታት» የሚለውን እንዲይዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚህ ወገን ቃላት አብልጬ የምወደው፣ በስሕተት ሲነገርም አብዝቼ የምሰማው፣ «አምቢቫለንት» ነው። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ለሙያው ያበጀው ቃል ነው። «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውንም ስም ያወጣው እርሱ ነው። ያበጀው ከላቲን ሲሆን፣ አንዱ ክፍል «በሁለት ወገን» ሌላው «ብርታት» የሚል ፍቺ አለው። በአንድ ነገር ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሜቶች፣ ሁለቱም በርትተው፣ ባንድ ልብ ሲኖሩ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን «ግዴለኝም» ለማለት ይጠቀምበታል። ለዚያ የሚሆነው «ኢንዲፈረንት» ነው፤ ደንታ የሌለው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ልጆች ያሳደገች እናት ጠቅልላ አገር ቤት ስለመግባት ስትጠየቅ፣ የእናቷ ቤት፣ የሰፈሩ ሰው፣ የደብሩ ደወል ይጠራታል፤ የልጆቿና የልጅ ልጆቿ ኑሮ ደግሞ እዚህ ይይዛታል። አንዱም ጥሪ ደካማ አይደለም። ስለዚህች እናት «ሺ ኢዝ አምቢቫለንት» ሲባል ስሜቷ በትክክል ተነገረ፤ «ኢንዲፈረንት» ቢባል ግን ትበደላለች።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። አምቢቫለንት የስሜት ቃል ነው፤ ኢንዲሳይሲቭ የድርጊት። ያቺ እናት ትኬቷን ቆርጣ፣ ዕቃዋን ልካ፣ አዲስ አበባ ገብታም አምቢቫለንት ሆና ልትቀጥል ትችላለች። ወስናለች፤ ልቧ ግን አሁንም ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ስለዚህ ቃሉን ባልወሰኑት ወገን ብመድበውም ድንበሩን አልፎ የሚሻገር መሆኑን ይያዙልኝ። ነቀፌታ ደግሞ ከቶ የለበትም። በሥራ ስብሰባ ላይ «ስለዚህ ዕቅድ አምቢቫለንት ነኝ» ማለት ጥቅሙም ጉዳቱም ይታየኛል ማለት ስለሆነ በጨዋነት ይቀበሉዎታል።

«ቫሲሌት» እና «ዌቨር» ሁለቱም መወላወል ተብለው ይተረጎማሉ። ቫሲሌት የሚያደርግ ሰው ከሁለት ነገር መካከል ጠዋት ወደ አንዱ፣ ማታ ወደ ሌላው ያዘነብላል፤ ከየትኛውም ላይ ጸንቶ አያውቅም። ወቀሳም አለበት፤ በተለይ መሪ ላይ ሲነገር። «ዌቨር» ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የጸና ነገር እንደነበረ ያሳያል፤ ያ ጽናት መነቃነቅ ጀመረ ማለት ነው። እምነቷ ዌቨር አደረገ ሲባል እምነት ነበራት ማለት ነው። ለዚህም ነው «አንዌቨሪንግ» የሚለው ተቃራኒው እንዲህ የሚወደደው፤ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ድጋፍ፣ የማይናወጥ ታማኝነት። ኤልያስ በቀርሜሎስ «እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?» ያለውን አንዳንድ አዳዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች በ«ዌቨር» መልሰውታል፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ኪዳን የነበረው በመሆኑ ቃሉ በሚገባ ይስማማል። አጠራሩ ግን ከሌላ ቃል ጋር ፍጹም አንድ ነው፦ «ፊ ዌቨር» ወይም «ቪዛ ዌቨር» የሚለው ሌላ ሥር ያለው ቃል ሲሆን መብትን መተው ወይም ግዴታን ማስቀረት ማለት ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። በማመልከቻ ላይ አንዱን ለሌላው የጻፉ ተማሪዎች አይቻለሁና ይጠንቀቁ።

እንግዲህ ድንበሩን እንሻገር፤ የሚቆረቁሩት ቃላት እዚህ አሉ።

«ፊክል» ማለት ወረተኛ ማለት ነው። አማርኛው ይህን የሚያህል ልክ የሆነ ቃል እያለው መዝገበ ቃላት «ተለዋዋጭ» ብሎ ማለፉ ያሳዝነኛል። ወረተኛ ሰው ሲወድ ከልቡ ይመስላል፤ ወረቱ ሲያልፍ ያንኑ ሰው አያውቀውም። ፊክል የሚለዋወጠው በፍቅር፣ በወዳጅነት፣ በድጋፍ ላይ ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች የእግር ኳስ ደጋፊዎችን «ፊክል ፋንስ» የሚሏቸው ቡድኑ ሲያሸንፍ ስሙን የሚዘምሩለትን አሠልጣኝ ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍ ይባረር ስለሚሉ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የቃሉ ሥር «አታላይ» ማለት ነበር። ዛሬ ማታለል ከፍቺው ቢወጣም ምሬቱ አልወጣም፤ ሰውን ፊክል ማለት መናቅ አለበት። ዕድልና የአየር ጠባይም ፊክል ይባላሉ፤ እነርሱ እንኳ እንደ ከዳተኛ ወዳጅ ተቆጥረው ነው።

«ካፕሪሸስ» በብዙ መዝገበ ቃላት ከፊክል ጎን ይቀመጣል፤ እኔ ግን በጣም አርቄ ነው የማስቀምጠው። ለካፕሪሸስ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወረተኛ ሰው ትቶዎት ይሄዳል፤ ካፕሪሸስ ሰው ግን በላይዎ ላይ ይወስናል፤ ትናንት የፈቀደውን ዛሬ ይከለክላል፣ ምክንያቱን ሲጠየቅም ምክንያት የለውም። ደስ ስላለው ነው። ንጉሥ፣ ዳኛ፣ አለቃ፣ ባለሥልጣን ካፕሪሸስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተፈጥሮም እንዲሁ፣ ነፍሳችን በእጇ ስለሆነች። በአማርኛ «እንዳሻው የሚያደርግ»፣ «ለፈቃዱ ያደረ» ቢባል ይቀርባል። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛው «ካፕሪቾ» ሲሆን እርሱም መጀመሪያ ጠጉር የሚያቆም ድንገተኛ መንቀጥቀጥ ማለት ነበር። ያ ድንገተኛነት አሁንም አለበት።

አሜሪካ ለሚኖር ሰው ይህ ቃል የሕግ ክብደት ስላለው ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቶች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ውሳኔ «አርቢትራሪ ኤንድ ካፕሪሸስ» ሆኖ ካገኙት እንዲሽሩ ያዛል። ጠበቆች ይህን ሐረግ ዘወትር ያነሳሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በልጅነታቸው ወደ አገሪቱ የገቡ ወጣቶችን ከመባረር የሚከላከለውን ዳካ የተባለ ፕሮግራም ለማቆም የተሰጠውን ውሳኔ ያስቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ልብ ይበሉ፤ ፍርድ ቤቱ ፕሮግራሙ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላለም። መንግሥት ሊያቆመው እንደሚችልም ተቀብሏል። የነቀፈው አወሳሰኑን ነው፤ በፕሮግራሙ ተማምነው ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰዎች ሳይታሰቡ፣ ሌላም አማራጭ ሳይመዘን መወሰኑን። በሕግ ቋንቋ ካፕሪሸስ የሆነ ውሳኔ ማለት ማመዛዘን የጎደለው ውሳኔ ነው፤ መለወጡ ብቻውን ጥፋት አይሆንም። ደብዳቤ ሲተረጉሙ «ተለዋዋጭ ውሳኔ» ብለው ቢጽፉት የጠበቃው ክርክር በሙሉ ይጠፋል። «በዘፈቀደ የተሰጠ» ቢሉት ያድናል።

«መርኪዩሪያል» ከስድብም ከምስጋናም የተቀላቀለ ነው። ስሙ ከፕላኔቷ ሜርኩሪ ነው፤ በእኛ ዐውደ ነገሥት ዐጣርድ የምትባለው። ፀሐይን በ88 ቀን ትዞራለች፤ ፈጣን ናት። የጥንት የኮከብ ቆጣሪዎች በእርሷ ሥር የተወለደ ሰው ንግግር አዋቂ፣ ቀልጣፋ፣ ብልህ ነው ይሉ ነበር። ስሟን የተዋሰው ብረትም በተራ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ፣ ጣት ሲነካው ሺህ ጠብታ ሆኖ የሚሸሽ ነው። ስለዚህ መርኪዩሪያል ሰው ስሜቱ በቅጽበት የሚቀያየር፣ ግን ሕያውና ብዙ ጊዜም ባለ ተሰጥኦ ነው። የማንቸስተር ዩናይትዱ ኤሪክ ካንቶና ሲነሣ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ብዕር ላይ ይህ ቃል ቶሎ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1995 በሴልኸርስት ፓርክ ደጋፊ በእግሩ የመታው ሰውዬ፣ ኳስ ሲይዝ ደግሞ ሜዳውን የሚያስጨበጭበው፣ አንድ ሰው ነው። ናይክ እ.ኤ.አ. በ1998 ለብራዚሉ ሮናልዶ ያወጣው መርኪዩሪያል ጫማም የወሰደው የቃሉን ፍጥነት ነው። ከሥራ ጋር በተያያዘ ግን ይጠንቀቁ። በድጋፍ ደብዳቤ ላይ «መርኪዩሪያል ናት» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው የሚረዳው፣ ጎበዝ ነች፣ ግን ነገ በምን ስሜት እንደምትመጣ አይታወቅም ብሎ ነው። «ሙዲ» ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ወደ ማኩረፍ የሚያደላ ነው፣ ብሩህ ጎኑ የለውም።

በመንግሥታቱ ድርጅት መግለጫዎችና በጉዞ ማስጠንቀቂያዎች ላይ በጣም የምናየው «ቮላታይል» ነው። «የጸጥታው ሁኔታ ቮላታይል ነው» ሲባል «ተለዋዋጭ ነው» ብለን እንተረጉማለን፤ ይህም ነገሩን ያደበዝዘዋል። ቃሉ ከላቲን «መብረር» የመጣ ሲሆን በኬሚስትሪ ቶሎ ወደ አየር ለሚተን ነገር ይውላል፤ ቤንዚን ቮላታይል ነው። ስለ አገርና ስለ ሰው ሲነገር ዛሬ የተረጋጋ ቢመስልም በማንኛውም ሰዓት ሊፈነዳ የሚችል ማለት ነው። ቮላታይል ሰው ግልፍተኛ ነው፤ ቁጣው ይፈራል። በገበያ ላይ ሲሆን ግን መፈንዳቱ ይቀርና መዋዠቅ ብቻ ይቀራል፦ ወደ ላይም ወደ ታችም በትልቁና በፍጥነት። የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ የወጣበት ዘመን የቡና ነጋዴዎች «ቮላታይል» የሚሉት ነው፤ ዋጋው ማደጉ ብቻ አይደለም፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የት እንደሚያድር አለመታወቁ ነው። ለዚህ «መዋዠቅ» የሚለው ቃላችን ሙሉ በሙሉ ይበቃል።

«ኢራቲክ» የሚለውን ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ግብርና የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ሪፖርቶች ላይ ያገኙታል፤ «ኢራቲክ ሬይንፎል» ይላሉ። መሠረቱ ከመንገድ ወጥቶ መቅበዝበዝ ነው። የበልግ ዝናብ በየካቲት መጣል ሲገባው በመጋቢት ይጀምራል፣ ሳምንት ይዘንብና ሦስት ሳምንት ይጠፋል፣ አንዱ ቀበሌ ላይ ወርዶ ጎረቤቱን ይዘላል። ገበሬው የሚጎዳው የዝናቡ መጠን በማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት በማጣቱ ነው። የዓመቱ ድምር ከወትሮው እኩል ሆኖ እንኳ ዝናቡ ኢራቲክ ሊባል ይችላል። «ዝናቡ የተዛባ ነው» ብሎ መተርጎም ትክክል ነው። ለሰው ሲነገር ድርጊቱ ሳይታሰብ የሚደረግ መሆኑን ያሳያል፤ ኢራቲክ የሆነ ሾፌር መስመሩን አይጠብቅም፣ ሰክሮ ወይም ታሞ ይሆናል።

በሥራዎ ላይ አንድ ተጨማሪ ቃል ይገጥምዎታል፦ «ላባይል»። የታማሚ ስሜት ሳያስቡት ከሳቅ ወደ ልቅሶ ሲያልፍ፣ ወይም የደም ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል በታካሚ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው። ፍርድ የለበትም፤ የታየውን ብቻ ይናገራል። የስትሮክ ሕመምተኛን በመዝገብ ላይ ሙዲ ወይም ፊክል ብሎ መጻፍ በሽታውን ጠባይ ማድረግ ነውና ፈጽሞ አይደረግ። «ዊምዚካል» የሚለውን ደግሞ ቢሰሙ አይክፋዎት፤ ከእንግዳ ነገር ጋር የሚጫወት፣ ደስ የሚል ምናብ ያለው ማለት ነው፤ ስለ ሥዕልና ስለ ልጆች ልብስ ይነገራል።

ሐሳብ መለወጥ ሁልጊዜ ነውር ነው ወይ? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ራሳቸውም አልተስማሙም። ፖለቲከኛ ሲለውጥ አሜሪካኖች «ፍሊፕ ፍሎፕ» ይሉታል፤ እንግሊዞች «ዩ ተርን»። ጆን ኬሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ስለ 87 ቢሊዮን ዶላር የጦር በጀት «ከመቃወሜ በፊት ደግፌው ነበር» የሚል ንግግር አምልጧቸው፣ ተቃዋሚዎቻቸው እስከ ምርጫው ቀን ፍሊፕ ፍሎፐር እያሉ አሳደዷቸው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸርም እ.ኤ.አ. በ1980 በብራይተን ለፓርቲያቸው ጉባኤ «እናንተ ከፈለጋችሁ ዞራችሁ ተመለሱ፤ ይህች ሴት የምትዞር አይደለችም» ያሉት ይህንኑ ስም ለመሸሽ ነው። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ያው ለውጥ «ፍሌክሲብል» እና «አዳፕተብል» ተብሎ ይመሰገናል። «ቨርሳታይል» የሚለው ቃል በጥንት ጊዜ ወላዋይ የሚል ፍቺ ነበረው፤ ዛሬ ብዙ ሙያ ያለው ማለት ሆኗል። ስለዚህ ስለ ራስዎ ሲናገሩ የሚለወጠው ምን እንደሆነ ይግለጹ፦ ዘዴዬን እለውጣለሁ፣ ዓላማዬን አይደለም፣ ቢሉ ፍሌክሲብል መሆንዎ ይገባቸዋል።

ያልጠየቁኝን ግን ከሁሉ የሚከብደኝን ቃል ልጨምር። «ኢንኮንሲስተንት» ይባላል፤ እርስ በርሱ የማይገጥም። እንደ ቡድን አቋም ላለ ነገር ሲነገር ተራ ቃል ነው፤ አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ ማለት ነው። በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ግን ይህ ቃል የሰውን ዕጣ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአሜሪካ ሪል አይዲ ሕግ ዳኛው የአመልካቹን እምነት የሚጣልበት መሆን ሲመዝን፣ በጽሑፍ ባለውና በቃል በተናገረው መካከል ያለን ማናቸውንም አለመግጠም እንዲጠቀምበት ፈቅዷል፤ አለመግጠሙ የጉዳዩን ዋና ነጥብ ባይነካም እንኳ። እዚህ ላይ ነው «ወላወልኩ» የሚለው ቃላችን አደገኛ የሚሆነው። አመልካቹ በአማርኛ «ከአገር ለመውጣት ወላወልኩ» ይላል። አስተርጓሚው ይህን «ሐሳቤን ቀየርኩ» በሚል እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ አንድ ጊዜ ላለመውጣት ወስኖ ነበር ማለት ይሆናል፤ በማመልከቻው ላይ ደግሞ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈርቼ ነበር» ተብሏል። ሁለቱ አይገጥሙም። ሰውዬው ሊል የፈለገው ግን ማመንታቱን ነው፦ ፈራ፣ እናቱን ትቶ መሄድ ግን አስጨነቀው። ለዚያ «ሄዚቴትድ» የሚለው በትክክል ይስማማል።

ስለዚህ ለዘመድ ሲያስተረጉሙ፣ ወይም ራስዎ ቃል ሲሰጡ፣ «ወላወልኩ» በሚለው ምትክ በአማርኛም ጭምር የተለየውን ቃል ይጠቀሙ። ካልወሰኑ «አመነታሁ» ወይም «አቅማማሁ» ይበሉ። ወስነው ከተመለሱ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ይበሉና መቼ እንደወሰኑ፣ ለምን እንደቀየሩ ያስከትሉ። ትርጉሙ ተሳስቶ ከሰሙም እዚያው፣ ቃለ መጠይቁ ሳያልቅ፣ ይህ የተናገርኩት አይደለም ብለው እንዲመዘገብ ያድርጉ፤ ጠበቃ ካለም ወዲያውኑ ይንገሩት።